የአንቲ ሩት ሰሌን

ሰሌኑን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። የደረቀ ሣር፣ የኮኮናት ዘይት፣ ትንሽ ደግሞ የእርጥብ እጅ ሽታ። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ካደግሁበት ፎቅ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሊፈርስና ኮንዶ ሊሠራበት ነው ሲባል ሰምቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ዕቃቸውን ሲሸጡ ገባሁ። ምድር ቤቱ ውስጥ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ስኒው፣ የመዝሙር መጽሐፉ፣ የገና መብራቱ ተደርድሯል። ሰሌኑ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከተሰበረ ቫኪዩም ጎን፣ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። አንዱ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበታል፤ «የፓሲፊክ ደሴቶች የእጅ ሥራ» ይላል፣ ከሥሩም ዋጋ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ቀና ስል ደግሞ ያ ፎቶግራፍ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጅ የሣር ክዳን ባለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመዋል። አጠገባቸው ሚስታቸውና ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው አሉ። ዳር ላይ አንዲት ጥቁር ልጅ ለሚስትየዋ ጃንጥላ ይዛለች፤ ጥላው ለእሷ አይደርስም። ከፎቶው ሥር የሁሉም ስም በተራ ተጽፎ፣ እሷ ጋ ሲደርስ «አንዲት የአገሬው ልጅ» ይላል።

አንዲት የአገሬው ልጅ! ስም አላት እኮ። ያውም ሁለት ስም።

ሰሌኑን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ገንዘብ የሚቀበሉት አሮጊት ከኋላዬ «የኔ እመቤት፣ መክፈሉን ረሳሽ» አሉኝ። «አልረሳሁም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። አሁን ሰሌኑ መኪናዬ ውስጥ ነው። ቤቴ አላስገባሁትም፤ እሑድ አንቲ ሩት መቃብር ዘንድ እወስደዋለሁ። ለምን ቤት እንደማይገባ ለማስረዳት ግን ያንን የበረዶ ክረምት መናገር ይኖርብኛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ገና አገር ቤት ነው፤ እናቴ ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ይዛለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። የሚጠብቀኝ ሰው ስታጣ አንድ ቀን ቆረጠችና ከእኛ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። አንዲት አጭር፣ ደልደል ያለች ሴትዮ ከፈተችልን። ፀጉሯ ጥጥ መስሏል፤ ቆዳዋ ከእኛም ይጠቁራል፤ አበባ አበባ ባለው ሰፊ ቀሚሷ ላይ ሁለት ሹራብ ደርባለች። እናቴ እንግሊዝኛዋን እየሰባበረች ችግሯን ማስረዳት ስትጀምር፣ ሴትዮዋ እስክትጨርስ እንኳን ሳትጠብቅ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አንቲ ሩት ናት።

መጀመሪያ ሐበሻ መስላኝ ነበር። እንዲህ ጥቁር ሆና፣ ልጅ ስታይ ሳትጠይቅ የምታበላ ሰው ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? በአማርኛ አናገርኳት፤ ሳቀች። ከየት እንደመጣች ስጠይቃት ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ሰማያዊ በሰማያዊ የሆነውን ቦታ በጣቷ ነካች። ቀረብ ብዬ ሳይ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ አለች። ደሴት ናት አለችኝ። ሰው እዚያች ነጥብ ላይ ቆሞ እንዴት ባሕር ውስጥ እንደማይወድቅ ብዙ ቀን አሰብኩ።

መስኮቱ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው፣ ሬቨረንዱ፣ እኚያ የፎቶው ፈረንጅ፣ ይቀመጣሉ። አንቱ የምላቸው እናቴ ያስለመደችኝ ነገር አልለቅ ብሎኝ ነው እንጂ፣ ንዴቴማ አንተ ይላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ውሃ የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከነሚስታቸው በመርከብ ወደዚያች ነጥብ ሄደው ወንጌል ሲሰብኩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ሚስታቸውን እዚያው ቀበሩ። ልጆቻቸው አድገው ወደ ካናዳ ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ግን ሩትን ይዘው ቶሮንቶ ገቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ማለት አልወድም፣ ግን አልነበሩም። ኪሳቸው ውስጥ የማያልቅ የሚንት ከረሜላ ነበራቸው፤ የሒሳብ የቤት ሥራዬንም ያዩልኝ ነበር።

መደርደሪያቸው ላይ ሆዱ ሮዝ የሆነ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነበር። ደሴቲቱ ላይ ደወል ስላልነበረ ሕዝቡን ለጸሎት የምጠራው በዚህ ነበር ብለው እንድነፋው ሰጡኝ። ጉንጬ እስኪያመኝ ነፋሁ፤ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። «ሩት፣ እስቲ አሳያት» አሏት። አንቲ ሩት እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ተቀበለችኝና ከንፈሯን አስጠግታ አንዴ ነፋችው። የኮሪደሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ፓኪስታናዊው ጎረቤታችን እሳት የተነሣ መስሏቸው በነጠላ ጫማ ወጡ። ሬቨረንዱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሁልጊዜ የምትነፋው እሷ ነበረች» አሉኝ። እኔም በልቤ፣ ታዲያ «ጠራሁ» የሚሉት ለምንድን ነው አልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ይመጣሉ። ፀጉራቸውን የተሠሩ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ ደጋግ ባልቴቶች ናቸው። ኬካቸውን ይዘው የሬቨረንዱን ሕይወት ሊሰሙ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንቲ ሩት ሻይ ታቀርባለች። «የእኛ ሩት» ይላሉ ሬቨረንዱ፤ «ልጄ ማለት ናት።» ከዚያ ታሪኩ ይጀመራል። ማዕበሉ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን እንዴት እንደወሰደው፤ ኦርጋኑ ከመርከብ ሲወርድ ባሕር ውስጥ ገብቶ የደሴቲቱ ሰዎች እየዋኙ እንዴት እንደጎተቱት፤ ወባው፤ ሻርኩ። እኔ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ እሰማለሁ። አንቲ ሩት ወጥ ቤቱ በር ላይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ ትሰማለች። ባዶ ወንበር ግን ነበር።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። ቁጣዋ አልገባኝም። «እኛ ጋስ ልጅ ቆሞ አይደል የሚያስተናግደው?» አልኳት።

«ልጅ!» አለች። «ፀጉሯ ሸብቶ፣ ወገቧ ጎብጦ ልጅ? ለመቆም ሲሆን ልጅ ነች፣ ለመቀመጥ ሲሆን ማን ልትባል ነው?»

ባልቴቶቹ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ንገሩን የሚሏቸው አንድ ታሪክ ነበር። ሬቨረንዱ ደሴቲቱ ላይ ከደረሱ ጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ሞተች። የደሴቲቱ ሴቶች እንደ ልማዳቸው አስከሬኑን ከበው ፀጉራቸውን እየነጩ ዋይታውን አቀለጡት። ሬቨረንዱ መጽሐፋቸውን ይዘው መሐላቸው ገቡ። ክርስቲያን ተስፋ እንደሌለው ሰው አያለቅስም ብለው ብቻቸውን መዝሙር ጀመሩ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ እሳቸው ዘመሩ። ሴቶቹ ጮኹ፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ጨመሩ። በመጨረሻ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም አብረዋቸው ይዘምሩ ነበር። «በዚያች ደሴት በዋይታ ሳይሆን በተስፋ የተቀበረች የመጀመሪያዋ ሰው» ይላሉ ሬቨረንዱ ሲጨርሱ። ባልቴቶቹ መሐረብ ያወጣሉ።

እኔ እንኳን ታሪኩን ወድጄው ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት እንደሚነግሩን ጻድቅ፣ መስቀሉን ይዞ አጋንንት መሐል እንደሚገባው፣ ከገድል የወጣ መስሎኝ ነበር። እነዚያን ሴቶች ቀንድ አውጥቼላቸው ነበር የማስባቸው።

ከገና በኋላ በፖስታ ትልቅ ካርቶን መጣ። የአንቲ ሩት የእህት ልጅ ከደሴቲቱ የላከው ደረቅ ቅጠል ነው፤ ረጃጅምና ጠንካራ፣ ዳር ዳሩ እሾሁ የተገፈፈ። ካርቶኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ውጪው በረዶ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ የወጣ መሰለኝ። ሥራም ተሰጠኝ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እያሸሁ፣ በቢላ ጀርባ እየዳመጥኩ አለሰልሳለሁ፤ አንቲ ሩት እግሯን ዘርግታ ወለሉ ላይ ትታታለች። ጣቶቿ አንዱን ቅጠል አንሥተው ሌላውን ከሥሩ ሲያሾልኩ ዓይኗ እነሱን አያያቸውም።

እናቴ ከሥራ ተመልሳ ልትወስደኝ ስትገባ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን አየችና ደረቷን ያዘች።

«ሰሌን ነው እኮ!» አለች በአማርኛ። «ብሩኬ፣ ጠይቂያት እስቲ። ለማን ነው?»

ጠየቅኋት። አንቲ ሩት በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተች። ሬቨረንዱ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። በእነሱ አገር ሰው ሲሞት በሰሌን እንደሚጠቀለል፣ ሽማግሌው ደግሞ ከጸደይ እንደማያልፉ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

እናቴ አማተበች። «ሰውየው ቁጭ ብሎ ብስኩት እየበላ?» ቤት ገብተን ካፖርቷን ስታወልቅ ግን ሐሳቧን ቀየረች። «ደግሞ ምን አለበት? እኛስ በሰሌን አይደል የምንገነዘው? አያቴ መገነዣዋን በቁሟ ገዝታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። እንግዲህ ይቺ ሴት ከልቧ ልጁ ናት ማለት ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቲ ሩትን «እህቴ» ነበር የምትላት። ሁዳዴ ሲገባ አንቲ ሩት ሥር ተፍቆ፣ በኮኮናት ወተት ርሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ምግብ ሰጠችን። እናቴ ወልቂጤ ነው ያደገችው፤ ቅጠሉን ፈታ አድርጋ እንፋሎቱ ፊቷን ሲነካት «ቆጮ ሊሆን ምን ቀረው!» ብላ ቁጭ አለች። የጾም መሆኑን ስታውቅማ ደስታዋን አልቻለችውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሬቨረንዱ እንቅልፍ ወስዷቸው እኔና አንቲ ሩት ሰሌኑ ላይ ነን። ሥራው ሲሰለቸኝ ያንን ታሪክ እንደ ሬቨረንዱ ድምፄን አወፍሬ መተረክ ጀመርኩ። ሴቶቹ ጮኹ፣ እሱም ዘመረ ስል፣ የአንቲ ሩት ጣቶች ቆሙ።

«የሞተችው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አንዲት ሴት።»

«እናቴ ናት።»

ቢላውን አስቀመጥኩት። እሷም ዓይኗን ሰሌኑ ላይ አድርጋ ነገረችኝ። በዚያን ጊዜ ከእኔ ታንስ ነበር። በእነሱ ዘንድ እናት ስትሞት ልጅ ዝም ብላ አታለቅስም። መጀመሪያ ትልልቆቹ ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ድምፃቸውን አንሥተው መንገዱን ይከፍቱላታል። እነሱ ሲደክማቸውና ዝም ሲሉ፣ ያኔ ልጅቷ እናቷን በስሟ ጠርታ ታለቅሳለች። የመጨረሻው ልቅሶ የልጅ ነው። እሷ ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ሰውየው መጣ፣ ዘመረ፣ ሴቶቹ ዝም አሉ። ግን መዝሙሩ ቀጠለ። ዘመዶቿ ያመጡትን ሰሌን አስመለሰው፤ እናቷ በጣውላ ሣጥን ተቀበረች። ያን ቀን ማታ ሚስትየዋ ወደ ቤታቸው ወሰደቻት፤ ከረሜላ ሰጧት፤ ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ ሩት ነው አሏት።

«ተራዬ አልደረሰም» አለችኝ።

ሩት! መጽሐፍ ቅዱሷ ሩት እንኳን ወድዳ ነው አማቷን የተከተለችው። ያኔ ግን ይህን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ሌላ ነው። እኔ የቤት ስሜ ብሩክታዊት፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። እሷም ሩት የክርስትና ስሟ ከሆነ ሌላ ስም ይኖራታል ማለት ነው። «የቤት ስምሽስ ማነው?» አልኳት። «ናሚሪ» አለች በጣም ቀስ ብላ፣ የተኛውን ሰው እንዳትቀሰቅስ። ይህን የጠየቃት ሰው የለም ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ባልቴቶቹ መጡ፤ ታሪኩ ተተረከ፤ መሐረቡ ወጣ። እኔ የሚንት ከረሜላውን አልቀበልም ብዬ ጥግ ይዤ ነበር። ድንገት ተነሣሁና «የሞተችው ሴት ስሟ ማነው?» አልኩ።

ሬቨረንዱ ፈገግ አሉ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና አሰቡ። ቅንድባቸውን አሹ። «ይገርማል፣ ጠፋኝ። ብዙ ዘመን ሆነው። ሩት፣ አንቺ ታስታውሺያታለሽ? ማን ነበረች ሴትየዋ?»

አንቲ ሩት ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ሻይ ልጨምርልዎት ሬቨረንድ?» አለች።

እሳቸውም ጨምሪልኝ አሉ። ብዙ ሰው ሲቆጣ አይቻለሁ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ግን ጥርሴን ነክሼ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ ሽማግሌ ልመታ አማረኝ። የሰው ልጅ የሌላውን እናት ዝም አሰኝቶ፣ በዚያው ሲመሰገን ኖሮ፣ እናትየዋን ይረሳታል? ልጅቷን አጠገቡ አስቁሞ?

ሬቨረንዱ በሁዳዴ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንቲ ሩት ጢማቸውን እየላጨችላቸው ሞቱ። ሰሌኑ ካለቀ ቆይቷል። ልጆቻቸው ማርጋሬትና ጆን ከካልጋሪ መጡ። ማርጋሬት ለስላሳ ድምፅ ያላት፣ ስትናገር የሰው ትከሻ የምትነካ ሴት ናት። ልጅ ሳለች አንቲ ሩት በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገቻት። አንቲ ሩት የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጠቅለሉን ትታዋለች፤ ሰሌኑ ሣጥኑ ላይ ጣል ይደረግልኝ ብቻ ነው ያለቻት። እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ።

«በጣም ቆንጆ ነው፣ ሩት» አለቻት ማርጋሬት ትከሻዋን ነክታ። «ግን ሣጥኑ ላይ አበባ ነው የሚሆነው። አባባ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው እንዲህ ያለውን ልማድ አይደል እንዴ? ፊት ያሉት ወንበሮች ደግሞ ለቤተሰብ ናቸው። አንቺ ከኋላ፣ አባባን ሲያስታምሙ ከነበሩት ነርሶች ጋር ብትሆኚ ይሻልሻል።»

«እሺ፣ ሚስ ማርጋሬት» አለች አንቲ ሩት።

እየሮጥኩ ኮሪደሩን ተሻገርኩና ለእናቴ ሁሉንም አፈረጥኩላት፤ ሰሌኑን፣ ወንበሩን፣ እናቷን፣ ተራዋን። እናቴ ለሥራ የለበሰችውን ጃኬት አውልቃ ስልክ አነሣች። የደወለችው ለእትዬ በላይነሽ ነው። እትዬ በላይነሽ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር የምትኖር፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ከሞተ ሳትጠራ የምትደርስ አልቃሽ ናት። የእኛ ቄሶች ሙሾ ተዉ እያሉ በየቀብሩ ይቆጧታል፤ እሷም እሺ አባቴ ትልና ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ሩት እኮ አባቷ ሞተባት» አለች እናቴ። «አዎ፣ ፈረንጁ። ፊውነራሉ ነገ ነው። ሺፍትሽን ካንስል አድርጊ። ... የጴንጤ ቤት ቢሆንስ? ለቅሶ እኮ ነው እትዬ፣ ልትጠመቂ አይደለም!»

በማግስቱ እትዬ በላይነሽን ከሰፈሯ ይዘን፣ መኪና ሙሉ ሴት ሆነን ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እናቴ መንገድ ላይ የአንቲ ሩትን ነገር ስትነግራቸው እትዬ በላይነሽ «እናቷን ሳታለቅስ?» አለችና ዝም አለች። እሷ ዝም የምትለው በጣም ስትናደድ ነው።

እንደ ልማዳችን ዘግይተን ደረስን። አንቲ ሩት የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው አጠገብ፣ የተጠቀለለውን ሰሌን ታቅፋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ነርሶቹ እንኳን አልመጡም።

«እነሱ ጋ ሐዘንተኛ ከኋላ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አለች እትዬ በላይነሽ በሹክሹክታ።

«እንጃ፣ ይሆናል» አለች እናቴ።

«ፊት ያሉትስ እነማን ናቸው?»

«ለቀስተኞች ይሆናሉ።»

ፊት ያሉት ማርጋሬትና ጆን ነበሩ። እትዬ በላይነሽም ለለቀስተኞቹ በትሕትና ከሩቅ እጅ ነሣችና ወደ ሐዘንተኛዋ ዞረች። አስተናጋጁ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የቤተሰብ ወገን መሆናችንን ጠየቀ። «የስ፣ ፋሚሊ» አለችው እናቴ ኮስተር ብላ። ሰውየው ወደ ፊት ሊያሳልፈን እጁን ሲዘረጋ፣ ሁላችንም አንቲ ሩትን ከበን ቀረን።

መድረኩ ላይ ያለው ፓስተር የሬቨረንዱን ሕይወት እየተናገረ ነበር። ማዕበሉን ተናገረ፣ ኦርጋኑን ተናገረ። ከዚያ ያቺን ሴት አነሣ፤ በዋይታ ሳይሆን በተስፋ የተቀበረችውን። እናቴ ፓስተሩ የሚለው ሁሉ ባይገባትም ፊቴን አይታ ገባት። አጎንብሳ ሰሌኑን ከአንቲ ሩት እቅፍ ወሰደችና ወለሉ ላይ፣ በመተላለፊያው መሐል፣ ዘረጋችው። «ነይ እህቴ» አለቻት። አንቲ ሩትን ደግፈው መሐሉ ላይ አስቀመጧት፤ ሴቶቹም ዙሪያዋን ቁጭ አሉ። ፓስተሩ መዝሙር አዘዘ፤ ሁሉም ተነሣ፤ ኦርጋኑ ጀመረ። እትዬ በላይነሽም ጀመረች።

ከእናት ጉያ ወጥታ ባሕሩን ተሻግራ፣
ዕድሜዋን ጨረሰች የሰው ቤት ስትሠራ።

የሴቶቹ ዋይታ ተከተለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ፓስተሩ ግራ ገባውና ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብሎ ድምፁን ጨመረ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። መዝሙሩ ከፍ ሲል እትዬ በላይነሽም ከፍ አለች። እሱ ጨመረ፤ እሷም ጨመረች፤ ደረት መምታት መጣ። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም። እነዚያን ቀንድ ያወጣሁላቸውን ሴቶች አየኋቸው፤ እናቴን ነበር የሚመስሉት። ቀስ በቀስ ከወዲያ ወገን ድምፁ ሳሳ፤ አንዱ ቀረ፣ ሌላው ቀረ። ኦርጋን የሚመታው ሰውዬ ዞሮ አየንና እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሣ።

እናቴ ያኔ እጇን ዘርግታ ሴቶቹን ዝም አሰኘች። የአንቲ ሩትን ጉልበት ነካች። «ሲስተር» አለቻት በእንግሊዝኛዋ፣ «አሁን ተራሽ ነው።»

አንቲ ሩት አፏን ከፈተች። የወጣው የአሮጊት ድምፅ አይደለም፤ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው። በአገሯ ቋንቋ ነበር። ምን እንደምትል አላወቅሁም፤ ማንን እንደምትጠራ ግን አውቅ ነበር። እስኪበቃት ድረስ አለቀሰች፤ ማንም አልዘመረባትም።

ስትጨርስ ማርጋሬት እየሮጠች ወደ ኋላ መጣች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። «ሩት» አለች ተንበርክካ፣ «አባባን ይህን ያህል እንደምትወጂው አላውቅም ነበር።» አንቲ ሩት ልጅ እንደሚዳበስ ጉንጯን ዳበሰቻት እንጂ አልመለሰችላትም። ተደግፋ ተነሣች። እናቴ ሰሌኑን ልትጠቀልል ስታጎነብስ ግን ክንዷን ያዘቻት። ለሙት የተሰጠ ሰሌን ቤት አይመለስም አለችኝ፤ ለእናቴ ነገርኳት። እዚያው ወለሉ ላይ ትተነው ወጣን። ሣጥኑ ላይ አይሆንም የተባለውን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ጠቅልለው አስቀምጠው፣ አሁን ዋጋ የለጠፉበት።

መኪና ውስጥ አንቲ ሩትን መሐል አስገብተን ተነሣን። ጥቂት እንደሄድን እትዬ በላይነሽ አላስችል አላት።

«ብሩኬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ» አለች። «እናቷንስ አለቀሰች፣ እሰይ። ሽማግሌውስ? ክፉም ቢሆን አሳድጓታል። ለሱ አታለቅስም?»

ተረጎምኩላት። አንቲ ሩት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። መስኮቱን፣ የሚቀልጠውን በረዶ አየች።

«ለሱ ነገ» አለች።

እሱንም ተረጎምኩ። እትዬ በላይነሽ ወደ ኋላ ዞረች።

«ሰማችሁ አይደል?» አለች ሴቶቹን። «የነገንም ሺፍት ካንስል አድርጉ።»